የወዲያኛው መስመር

የካቲት 9

አምስት ለዜሮ ተሸነፍን።

እታለም፣ ሰላምታውን ወደ ኋላ ስላደረግኩት ይቅርታ። ጋሼ በስልክ ያለሽን ዛሬ ጠዋት ነገረኝ። «ትንሽ ተበለጥን አልኳት» አለኝ። አምስት ትንሽ ከሆነ እንግዲህ ትንሽ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከወንድምሽ ስሚው ብዬ ነው።

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽ ሚጣ እንዴት ናት? የእግሯ እብጠት ቀነሰ? እኔ ደህና ነኝ። ጋሼ ባልሽም ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ሜዳ ይገኛል።

ወሬ ደርሶሽ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ንፋሱ የምንለውን የግራ መስመር ልጅ ቀይሮ አስወጥቶታል። አዎ፣ በዕለቱ ከሁሉም የተሻለ የሚጫወተው እሱ ነበር። ሲያነክስ የነበረው የቀኙ ልጅ ነው፤ ጋሼ ያስወጣው ግን የግራውን ነው። ልጁ ቁጥሩ ሲነሳ አላመነም፣ ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔን?» አለ። ቀሪዎቹ ጎሎች የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ደጋፊው «ለአሰልጣኙ መነጽር ግዙለት!» እያለ ሲጮህ ነበር። ድሮ እንዲህ የሚባለው ዳኛ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲሳደብም አንዳንዴ ያገኘዋል።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ቢሮ ተጠራን። የክለቡ ባለቤት ፋብሪካው ቁርጡን ተናግሯል። ዘንድሮ ከወረድን ቡድኑ ይበተናል፤ ተጫዋቾቹም፣ እኔም፣ ሣር አጫጁም ወደየቤታችን። ስለዚህ ኮሚቴው ጋሼ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውን መጋቢት ውስጥ ይወስናል። ሦስቱ ይነሳ ይላሉ። ሦስቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ ይላሉ። ሰባተኛው የሠራተኛው ተወካይ ነው፤ ማለትም እኔ፣ ትጥቅ ያዡ።

የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል። እጁ ረዘም ይላል፣ ግን ይሞቃል።

ወንድምሽ


የካቲት 14

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ።

የጭነት መኪናው ሾፌር ደብዳቤህን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አንድ ላይ ጭኖ ነው ያመጣው፤ አንብቤው ስጨርስ ሚጣ «ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት። እንዲህ እየዋሸሁ ነው የምኖረው።

በስልክ ለምን እንደማላወራህ ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ። ስልኩ ከራስጌዋ ነው። ሐኪሙ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ የሚያናድድ ወሬም እንዳይነገራት ብሏል። ስለዚህ ጋሼህ ሲደውል እሱ «ደህና ነን» ይላል፣ እኔም «ደህና ነን» እላለሁ፣ እሷ ደግሞ መሃል ተኝታ ሁለታችንንም ታዳምጣለች። ባሏ መኪና ይዞ ከወጣ ወር ሊሞላው ነው።

አሁን ስማኝ። ያቺ የምንኖርባት ቤት የክለቡ መሆኗን አንተም ታውቃለህ። እሱ ከወጣ እኛም ከነዕቃችን እንወጣለን። እዚህ ሚጣ ዘንድ ያለችው አንድ ክፍል ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲውን የት እንደማኖር አጥንቼዋለሁ። ሚጣን ሕፃን አስታቅፌ የማስገባት እዚያ እኛ ቤት ነው ብዬ ነበር። ሌላ ቤት የለኝም። እስክትወልድ፣ ቢበዛ ዓመቱ እስኪያልቅ ይቆይ። አንድ እጅ ነው፣ ያንን እጅ ኪስህ ውስጥ አድርገው። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ያልሆነውን ልጅ ሲያስወጣ አንተ የት ነበርክ? አጠገቡ አልነበርክም? ጨዋታ ላይ ከጎኑ አትነሳ፣ ውሃ እያቀበልከው ተቀመጥ ብዬህ አልነበረም? ኩላሊቱን ያመዋል፤ ካልተነገረው አይጠጣም።

ሹራቡ ከረዘመብህ እጠፈው። ከልጅነትህ ጀምሮ እጅህ አጭር ነው።

እህትህ


የካቲት 20

እታለም፣

አጠገቡ ነበርኩ። ውሃም ጠጥቷል። ለዚህ አትጨነቂ።

ልምምድ ላይ ሁሉም ነገር እንደወትሮው ነው። ጋሼ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሃል ይቆማል፣ ልጆቹ ዙሪያውን ይሮጣሉ። ማጉረምረም ግን አለ። ንፋሱ ትናንት ትጥቅ ክፍል መጥቶ ረጅም እጅጌውን ማሊያ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። «በዚህ ሙቀት እኔ ብቻ ረጅም እጅጌ የምለብሰው ሙሽራ ነኝ እንዴ?» አለኝ። «አሰልጣኙ ዕድል ያመጣል ስላለ ነው» አልኩት። «የታለ ዕድሉ?» አለ። እውነቱን ነው። ረጅሙም፣ መሃል ተከላካያችን፣ ግንባሩ ላይ የማስርለትን ነጭ ፋሻ ጠልቶታል። «ሳልታመም ታማሚ አስመሰላችሁኝ» ይላል።

ረዳት አሰልጣኙም መጥቶ ነበር። ኳስ ልቁጠር ብሎ ነው የገባው። እሱ ኳስ ቆጥሮ አያውቅም።

«አንተ፣ ወንበር ላይ ከአሰልጣኙ ጋር ስትንሾካሾኩ ትውላላችሁ። ስለ ምንድነው?»

«ስለ አየሩ» አልኩት።

«አየሩ ሁልጊዜ ከግራ መስመር ነው እንዴ የሚመጣው?»

ማሊያ ማጠፌን ቀጠልኩ። ኳሱን አንጥሮ አየው፣ ነፋስ እንደጎደለው ነገረኝና ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የጋሼን ወንበር ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ወንጀል አይደለም፤ ጋሼም ያን ወንበር ያገኘው ከሌላ ሰው ነው።

እጄን ስለማንሳት ያልሽውን ሰምቻለሁ። አላነሳም። ሚጣን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 25

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ማሊያ እጅጌ ብዙ ጽፈሃል፣ የጠየቅኩህን ግን አልመለስክም። አጠገቡ ከነበርክ ለምን ያልሆነውን ልጅ አስወጣ?

አንተ አንድ ነገር ስትደብቅ ሌላ ነገር ታበዛለህ። ትንሽ ሆነህ ብርጭቆ ስትሰብር ስለ ጎረቤት ውሻ ነበር የምታወራልን።

ሚጣ ትላንት ደም አይታ ነበር። ቆሟል። ሐኪሙ «እንጠብቅ» አለ። ሐኪም ሲጠብቅ እኔ አልወድም።

ግልጹን ጻፍልኝ። መጥፎም ቢሆን።

እህትህ


የካቲት 29

እታለም፣

እሺ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ጋሼ አያይም። ቅርቡን ያያል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ የልጆቹን ፊት ያውቃል። ከሜዳው መሃል ወዲያ ያለው ግን ለእሱ ጭጋግ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ወንበር ላይ ተጠግቶ «ከወዲያኛው መስመር ያለው ማነው?» አለኝ። የቀለደ መሰለኝ። አልቀለደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየውን እነግረዋለሁ። «ግራው ተከፍቷል»፣ «ረጅሙ ወደፊት ወጥቷል»፣ «ስድስት ቁጥር ደክሞታል»። እሱ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ያስባል። አእምሮው እንደድሮው ነው። በወሬ ብቻ ጨዋታ ሲያሸንፍ አይቼዋለሁ። ለማንም፣ በተለይ ለአንቺ፣ እንዳልናገር አስምሎኛል።

እጅጌውና ፋሻውም ለዚሁ ነው። ነጭ ነገር ከሩቅ ትንሽ ይታየዋል። ረጅም ነጭ እጅጌ ያለው ንፋሱ ነው፣ ግንባሩ የነጣው ረጅሙ ነው። እኔና እሱ ትጥቅ ክፍል ተቀምጠን ያወጣነው ዘዴ ነው። ለልጆቹ ዕድል ነው አልናቸው። አምስት የገባብን ቀን ዳኛው ሳይጀመር መልበሻ ክፍል መጥቶ የሁሉም እጅጌ አንድ ይሁን፣ ፋሻም የሚያስረው የቆሰለ ብቻ ነው አለ። አወለቅን። እኔ «ቀኙ ያነክሳል» አልኩት፤ እሱ የኛን ቀኝና የተጋጣሚውን ቀኝ ለመለየት የሚያየው ነገር አልነበረውም። ንፋሱን አስወጣው።

ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍልሽም ነበር። ሽንፈት ሽንፈት ነው።

ትናንት በነበረን ጨዋታ የንፋሱ ታኬታ ተገነጠለና ሌላ ላመጣ መልበሻ ክፍል ገባሁ። እኔ በሌለሁበት ረጅሙ ወዲያኛው መስመር ላይ ከተጋጣሚው ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ወደቀ። ኳሱ ወደ እኛ ጎል ሄዷል፣ የሰው ሁሉ ዓይን ከኳሱ ጋር ሄዷል። ጋሼ የሚያየው አንድ የተጋደመ ነገር ብቻ ነው። «ተነሳ! ጊዜ አትግደል! ተነሳ ነው የምልህ!» እያለ ይጮህበታል። ልጁ ተነሳ። እሱ ካለ ይነሳሉ። ታኬታውን ይዤ ስወጣ ረጅሙ ወደ ራሳችን ጎል እየሮጠ ነበር። ያለበስኩት ማሊያ ነጭ ነው፣ እስከ ወገቡ ቀልቷል።

ሆስፒታል ነው። ዛሬ ዓይኑን ገልጦ አወራ፤ ዕለቱ ምን ቀን እንደሆነ ሲጠይቁት ግን አላወቀም። ይሻለዋል ይላሉ። ደጋፊው አሰልጣኙ ጨካኝ ነው እያለ ነው። ጋሼ ከሆስፒታል ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ደሙ ከሩቅ ይታይ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ማሊያውን ከትናንት ጀምሮ ዘፍዝፌው አልለቀቀም።

እጄን አላነሳም ብዬሽ ነበር። አሁን አላውቅም። ኮሚቴው ስለ እሱ ሲያወራ ግማሹ ስለ እኔ ነው። ቡድኑን ሁለት ሰው ነው ሲያሰለጥነው የነበረው፣ አንዱ ደግሞ ትጥቅ ያዥ ነው። ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?

ወንድምሽ


መጋቢት 4

ወንድሜ፣

አውቃለሁ።

አምና ከገበያ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እጄን ሳውለበልብለት ቀጥ ብሎ አለፈኝ። ያኮረፈኝ መሰለኝ። እኔም መልሼ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፤ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ደረጃ ላይ ሲዳስስ አየሁት። ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ መነጽር አይመልሰውም፣ ቅርቡን ማየቱም ቢሆን እየቆየ ይሄዳል አለን። ለማንም እንዳልናገር፣ በተለይ ለአንተ፣ አስማለኝ።

ውሃ አቀብለው ብዬ አጠገቡ ያስቀመጥኩህ ለምን መሰለህ? ኩላሊቱ ጤነኛ ነው። የሚወድቅ ነገር ካለ የሚይዘው ሰው ይኑር ብዬ ነው። እሱ ደግሞ አንተን ዓይን አድርጎ ቀጥሮሃል። ሦስታችንም እያወቅን ሦስታችንም ስንደባበቅ ከረምን። ብንስቅ ይሻለን ነበር፣ የሚያስቅ ጉልበት የለኝም እንጂ።

የረጅሙን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የዚያን ልጅ እናት አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጣ ጨዋታ አይታለች፤ ኳሱን ትታ ልጇን ብቻ ነበር የምታየው።

እጅህን አንሳ።

ሁለት ነገር ግን ቃል ግባልኝ። ምክንያት ሲጠይቁህ ተሸንፈናል በል፤ ውሸት አይደለም። የዓይኑን ነገር አታንሳባቸው። በሽንፈት ይውጣ፣ በዓይኑ አይውጣ። ተሸንፎ የወጣ አሰልጣኝ በየከተማው ሞልቷል፣ ማንም አይስቅበትም። የሚያይ መስሎ ሲያሰለጥን ነበር ከተባለ ግን ያሸነፈውንም ይነጥቁታል።

ሁለተኛው፣ እህቴ ናት ያለችኝ አትበለው። እኔ ወደፊት አብሬው የምኖር ነኝ። አንተን ቢጠላህ ይሻላል። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፣ ጻፍኩት።

ስለ ቤቱ እኔ አስባለሁ።

እህትህ


መጋቢት 11

እታለም፣

ተነስቷል።

የኮሚቴውን ደንብ ታውቂዋለሽ። ድምፅ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰው ከቀደመ ሌላው ይፈራል ተብሎ። ደግሞም ሰው በሌለበት አይወሰንበትም። ሁለቱንም ያስገባው ጋሼ ራሱ ነው፣ ኮሚቴ ውስጥ በነበረ ጊዜ። ስለዚህ እሱ ጠረጴዛው ጫፍ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ነበር፣ መጀመሪያ የተጠራሁትም እኔ ነኝ።

እጄን አነሳሁ። ሊቀመንበሩ ያልሰማ ይመስል «ይነሳ ነው ያልነው፣ ገብቶሃል?» አለኝ። «ገብቶኛል» አልኩ። «ምክንያትህን ተናገር» አለ። «ተሸንፈናል» አልኩ። «እሱንማ እኛም እናውቃለን» አለ አንዱ፤ ትንሽ ሳቁ። ሌላ አልጨመርኩም። ቃሌን ጠብቄአለሁ። የፋብሪካው ሱቅ ኃላፊ፣ ያ ኮሚቴው ውስጥ ለጋሼ ሲሟገት የከረመው፣ ሲወጣ ትከሻውን ገጭቶኝ አለፈ። «የገዛ አማቹ!» ሲል ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

ጋሼ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣና ፊት ለፊቴ አስቀመጠው፣ ትጥቅ የምረከበው እኔ ነኝና። «እጅህን ስታነሳ አየሁህ» አለኝ። «እሱን እንኳን አየሁ። ቅርብ ስለነበርክ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ጠዋት ጠዋት እያንኳኳሁ እሄዳለሁ፤ እኔ መሆኔን ከኮቴዬ ያውቃል፣ አይከፍትም። ዳቦውን በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥዬ እመለሳለሁ። ማግስቱን ሳየው የለም፤ ስለዚህ ይበላል።

ረዳቱ ቦታውን ይዟል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር እኔን ከወንበር ማንሳት ነው። «ትጥቅ ያዥ ትጥቅ ክፍል ይቀመጥ፤ እኔ አየር የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ረጅም እጅጌም፣ ፋሻም ቀርቷል። ንፋሱ ደስ ብሎታል።

ረጅሙ ከሆስፒታል ወጥቷል። ዘንድሮ አይጫወትም። ሊጠይቀኝ መጥቶ «አሰልጣኙን በእኔ ምክንያት ነው ያባረራችሁት?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት። ምን ልበለው?

ወንድምሽ


መጋቢት 19

ወንድሜ፣

ሚጣ ተገላገለች። ሴት ናት። ከቀኗ በፊት መጥታለች፤ በጣም ትንሽ ናት፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኝተዋታል። በቀን ሁለቴ እጃችንን ታጥበን እንድናያት ይፈቅዱልናል። ትተነፍሳለች። ሐኪሙ አሁንም «እንጠብቅ» ነው የሚለው።

እጅህን ማንሳትህን ነግሮኝ እንደሆነ ሳታስብ አትቀርም። አይ፣ አልነገረኝም። ጋሼህ በስልክ «ራሴ ለቀቅኩ፣ ደክሞኝ ነበር» ነው ያለኝ። «ደግ አደረግክ» አልኩት። ስለ አንተ ጠየቅኩት፤ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል» አለ። ክፉ አልተናገረብህም። ዝም ብሎ ሌላ ወሬ አነሳ። አንተም እሱም ስትዋሹ አንድ ዓይነት ናችሁ።

የክለቡ ደብዳቤ እዚህ ድረስ ተልኮልኛል። ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድንለቅ ነው። እዚሁ ሰፈር አንድ ክፍል አይቻለሁ። ጣሪያው ደህና ነው፣ መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። ለእሱ ግድግዳውም ሜዳውም አንድ መሆኑ ነው፤ ይህን ስጽፍ ለራሴ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

ልጅቷን ቶሎ እንዲያያት እፈልጋለሁ። የዓይን ሐኪሙ ቅርቡም ይሄዳል ያለን ጊዜ ሩቅ አይደለም። አውቶቡስ ላይ የሚያሳፍረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ብቻዬን እመጣለሁ ቢል አትስማው፣ የአውቶቡስ ቁጥር ከሩቅ ማንበብ አይችልም። እኔ ካሁን በኋላ እነዚህን ሁለቱን ትቼ አልመጣም።

መቀየሩ ጠቀመ ወይ? ቢያንስ እሱን ንገረኝ። ቤቴን የሰጠሁት ለዚያ ነውና።

እህትህ


መጋቢት 28

እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ልብስ ሰፊው ሱቅ ተቀምጬ ነው፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ላይ። የወረቀቱን ቀዳዳ አትቁጠሪ፤ ጠረጴዛው መርፌ የሞላበት ነው። ሾፌሩ ሲያልፍ ከዚህ ይወስደዋል።

ጠቀመ ወይ ላልሽው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን፤ ከተማው ሁሉ «አያችሁ? ሰውየው ነበር ችግሩ» አለ። ሁለተኛውን አቻ ወጣን። በሦስተኛው ሦስት ገባብን፤ ረዳቱ ሁለት ደህና ዓይን ይዞ እየተመለከተ። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ካሸነፍን እንቆያለን፣ ካልሆነ ቡድኑ የለም። ስለዚህ ጠቀመ ወይ ብትይኝ መልሱ የለኝም። ረጅሙ በሕይወት አለ። ሌላውን አላውቅም።

እዚህ የተቀመጥኩት ለጃኬቱ ነው። ዋና አሰልጣኝ የሚል ጀርባው ላይ የተሰፋበት፣ ደረቱ ላይ ደግሞ የጋሼ ስም መነሻ ፊደሎች ያሉበት፣ አንቺ ራስሽ ቁልፉን የተከልሽበት። አዲስ ለማሰፋት ጊዜ የለም ተብሎ ለረዳቱ እንዲስተካከል ታዟል። ፎቶ አንሺ ይመጣል። ሊቀመንበሩ «ጨዋታው ሳይጀመር ጃኬቱን ይዘህ ካልመጣህ አንተም አትምጣ» ብሎኛል። ደጋግሞ ነው ያለው፤ የሚቀልድ አይደለም።

ልብስ ሰፊው ፊደሎቹን ተረተራቸው። ክሩ ወጣ፣ ፊደሉ ግን አልወጣም፤ ጨርቁ ሌላው ቦታ ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፣ ከክሩ በታች ያለው ግን እንደ አዲስ ነው። አሁንም ይነበባል። በጥፍሩ አሸው፣ ትቶት ወደ እጅጌው ሄደ።

«አዲሱ ሰውዬ አጭር ነው?» አለኝ።

«አጭር ነው።»

«የድሮው ረጅም ነበር።»

«ረጅም ነበር።»

«እንደው ምን ነካው? ጥሩ ነበር አይደል ድሮ?»

«ተሸነፈ» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ዘመዱ አይደለህም እንዴ? የሆነ ነገር ሰምቼ ነበር።»

«ነኝ።»

ልብስ ሰፊው አጎነበሰና መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

ያልነገርኩሽ አለ። ወደዚህ ስመጣ ጋሼን አየሁት። ትኬት መቁረጫው ጋ ተሰልፏል። ያንን ግራጫ ካፖርቱን ለብሷል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አንድ እጁን በግንቡ ላይ እያስኬደ። ከኋላው ያሉት አውቀውታል። አንዱ «አሰልጣኝ፣ አንተማ አትሰለፍም፣ ግባ» ሲለው «ትኬት እቆርጣለሁ» አለ። ቆርጦ ገባ፤ ርካሹ ቦታ ነው፣ ከጎሉ ጀርባ ወዲያ ጫፍ ላይ። እኔ ጃኬቱን በክንዴ ይዤ በአጠገቡ አለፍኩ። ክንዴ ካፖርቱን ነካው። ጋሼ አላልኩትም። የእሱን ጃኬት ይዤ ምን ብዬ ልጥራው?

ከዚያ ቦታ የሚታየው ለሚያይ ሰው እንኳን ግማሹ ነው። እሱ ጩኸቱን ሰምቶ ማን እንዳገባ ይገምታል። ከጎኑ የተቀመጠውን ደግሞ አይጠይቅም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

አሁን ልብስ ሰፊው አንዱን እጅጌ ጨርሶ እያሳየኝ ነው። አሳጥሮታል፣ ሥራው ንጹሕ ነው። ሌላው እንደነበረ ተንጠልጥሏል። «ቀጥዬ ይህችን» ይለኛል፣ «ቁጭ በል፣ አትቸኩል፣ ትደርሳለህ።»

ጨዋታው ተጀመረ መሰለኝ፤ ከግንቡ ወዲያ ያ የመጀመሪያው ጩኸት ተሰማ። ዛሬ ማን በግራ እንደተሰለፈ ለእሱ የነገረው የለም።

ነገ የሁለታችንን የአውቶቡስ ትኬት እቆርጣለሁ። አብሬው አውቶቡሱ ላይ እወጣለሁ፣ ባያናግረኝም። ለሕፃኗ ስም ካላወጣችሁ እስክንደርስ ጠብቁ።

ደብዳቤውን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ፣ ከጃኬቱ አጠገብ። ልብስ ሰፊው «ወዴት ነው? ሁለተኛው እጅጌስ?» እያለኝ ነው። ተነስቻለሁ፤ ከጎሉ ጀርባ ጋሼ አጠገብ ልቀመጥ ነው፤ ቆሜ ነው ይህችን የመጨረሻ መስመር የምጽፍልሽ።